ከርቸሌ ጎረቤት ነበር

ባለፈው ወር አንዷ ጓደኛዬ «አዲስ አፓርትመንት ገብቻለሁ፣ ቡና ኑ» ብላን ቅዳሜ ከሰዓት ሎርተን ሄድን። ለማታውቁት፣ ሎርተን ቨርጂንያ ውስጥ ያለች ከዲሲ ወደ ደቡብ 20 ማይል ገደማ የምትርቅ ቦታ ናት። ስደርስ ጂፒኤሱ ተሳስቶ የሆነ ኮሌጅ ውስጥ ያስገባኝ ነው የመሰለኝ፣ ቀይ የሸክላ ሕንፃዎች፣ ፊት ለፊታቸው ቅስት ቅስት ያለው በረንዳ፣ መሃል ላይ ደግሞ ሰፊ ሣር።

«ምን ነበር ይሄ ቤት?» አልኳት ደረጃውን ስንወጣ።

«እስር ቤት!» አለች እየሳቀች።

ችግሩ እናቷ ከኋላችን ነበሩ። ከአዲስ አበባ ከመጡ ወር አልሞላቸውም፣ ይሄን ነገር ደግሞ ማንም አልነገራቸውም። ደረጃው ላይ ቀጥ አሉ። «ምን አልሽ?» «እማዬ የድሮ ነው፣ ድሮ…» «እና እስር ቤት ውስጥ ነው ይሄን ሁሉ ቀን ያስተኛሽኝ?» በቃ የዚያን ቀን ቡና ሌላ ወሬ አልነበረውም። እሳቸው ጸበል ካልተረጨ አልተኛም አሉ፣ ጓደኛዬ አፓርትመንቱ ውስጥ ጂም እንዳለ፣ ስዊሚንግ ፑል እንዳለ ታስረዳለች፣ እጣኑ ሲጨስ አላርሙ ጮኸ፣ እሳቸው «ይኸው! አልነገርኳችሁም?» አሉ። የሳቅነው ሳቅ።

እኔ ግን ማታ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ስለ ሎርተን ሳነብ አደርኩ ብል ይቀላል። ከዚያ ሳላስበው ሐሳቤ ከሎርተን ወጥቶ ቄራ ገባ፣ ከቄራ ከርቸሌ።

ልጅ ሆኜ ያደግኩት ቄራ ነው። አጎቴ፣ ማለትም የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ በ1994 (በእኛ) ታስሮ ከርቸሌ ገባ። ምን አድርጎ ነው የሚለውን ቤተሰቡ ስለማይወደው ልዝለለው፣ ፖለቲካ እንዳልሆነ ግን ልንገራችሁ ምክንያቱም እኛ ሀገር ሰው ታሰረ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው። አያቴ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስንቅ ትሠራለች። ሽሮ ከሆነ ሽሮ፣ ፆም ሲፈታ ደግሞ ቅቤ የጠገበ ምንቸት አብሽ፣ በሳህን አድርጋ፣ በሌላ ሳህን ከድና፣ በጨርቅ ቋጥራ፣ ከላዩ ፌስታል። ቋጠሮውን የምይዘው እኔ ነኝ። በእግራችን ነው የምንሄደው፣ በሷ እርምጃ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ስንደርስ ሳህኑ ገና እጄን ያሞቀኝ ነበር። ይሄን ሙቀት አሁንም አስታውሰዋለሁ፣ የግንቡን መልክ ግን በደንብ አላስታውሰውም፣ የሚገርመው።

አያቴ ስንቅ ስታቀብል ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትጸልያለች። ያኔ አልገባኝም፣ በኋላ ነው እናቴ የነገረችኝ። በደርግ ጊዜ የሰፈር እናቶች ልጃቸው መሞቱን የሚያውቁት በስንቅ ነው። አንድ ቀን ሳህንሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» ትባያለሽ፣ አለቀ፣ ደብዳቤ የለ መርዶ ነጋሪ የለ። አያቴ በሷ ልጅ ላይ ያ አልደረሰም፣ ግን የዚያ ዘመን ሰው ናትና ሳህኑን ተቀብለው እስኪያስገቡላት ድረስ ትንፋሿ አይመለስም ነበር።

እንግዲህ ከርቸሌ የሚለው ስም ራሱ ከጣልያንኛው ካርቸሬ የመጣ ነው፣ እስር ቤት ማለት ነው። ከዚያ በፊት ወህኒ እንል ነበር፣ እሱም የጎንደር ነገሥታት ወንድምና የወንድም ልጅ ዙፋን እንዳይመኝ የሚያስቀምጡበት የወህኒ አምባ ስም ነው። ከዚያም በፊትና ጎን ለጎን ግንብ የማያስፈልገው እስር ነበረን፣ ቁራኛ። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ በአንድ ሰንሰለት ይታሰሩና ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ። ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ» ስንል ከዚያ የቀረች ናት። አሁን ደግሞ ማረሚያ ቤት ነው የሚባለው፣ እስረኛውም ታራሚ። ስም ማሻሻል ላይ መቼም አንታማም።

ከርቸሌ ግቢ ውስጥ ከሁሉም የሚፈራው ዓለም በቃኝ ነበር። በ1910ዎቹ በእኛ አቆጣጠር የተሠራ፣ ስምንት ማዕዘን ያለው ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ነው፣ ክፍሎቹ በሙሉ ፊታቸውን ወደ ውስጥ ወዳለው ግቢ ያዞሩ፣ ውጭውን የሚያይ ነገር የለም፣ ቀና ብለህ የምታየው ሰማይ ብቻ። ስሙን ማን እንዳወጣለት ባላውቅም እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣ እስረኛ እንጂ መንግሥት አይደለም። የካቲት 12 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ጣልያን የተማረውን ሰው እየለቀመ ያጎረው እዚያ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ደርግ 60 ሰው የረሸነው እዚያው ከርቸሌ ነው፣ ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ሰዎች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ አሉበት። የተቀበሩትም እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በጅምላ ነበር፣ አፅማቸው ወጥቶ ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ከዚያ የደርግ ባለ ሥልጣናት በተራቸው ገቡበት። አንድ ቤት ይሄን ሁሉ ተራ በተራ ያስተናግዳል ብሎ ማን ያስባል።

እና ይሄ ቤት ከከተማው መሃል መነሳቱ የሚያስከፋው ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም «ምነው ባልፈረሰ» እያልኩ አይደለም። እስረኞቹ ወደ ቃሊቲ ተዛወሩ፣ ግንቡ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረሰ፣ ቦታው ለአፍሪካ ኅብረት ተሰጠ። ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ሠርታ በስጦታ ያስረከበችው ሕንፃ በፈረንጆቹ ጥር 2012 ተመረቀ። ከፍታው 99.9 ሜትር ነው፣ ይሄም የሆነው ኅብረቱ እንዲመሠረት የተወሰነበት የሲርት አዋጅ የወጣበትን 9/9/99ን እንዲያስታውስ ነው ይባላል። ቁጥሩን እንዲህ አስተካክሎ ለማስታወስ የሚጨነቅ ሰው ከመሬቱ ሥር ያለውንም እንደሚያስታውስ ትጠብቃለህ። አክሊሉ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። እሳቸው የተረሸኑበት ግቢ ላይ ነው ኅብረቱ ዛሬ የሚሰበሰበው። ይሄን ሳስበው ቃል ያጥረኛል። የመታሰቢያ የመሠረት ድንጋይ በ2012 (በፈረንጆቹ) ተቀምጧል፣ ለሩዋንዳም ለቀይ ሽብርም ለዓለም በቃኝም ይሆናል የተባለ። የመሠረት ድንጋይ ስንል ደግሞ እኛ ሀገር ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

የምርመራ እስር ቤቱን፣ ማዕከላዊን፣ ቢያንስ አላፈረሱትም። በ2010 (በእኛ) ተዘግቶ፣ በ2011 ማብቂያ ላይ ሰው እንዲያየው በሩ ሲከፈት እዚህ ሆኜ በስልኬ ፎቶውን ሳይ ነበር፣ «ሳይቤሪያ»፣ «ጣውላ ቤት»፣ «ሸራተን» የሚሉ ስሞችን በጆሮ ብቻ የምናውቃቸውን ክፍሎች ሰው በእግሩ ገብቶ ሲያይ። ክፍሉ ሲታይ እኮ ትንሽ ነው፣ ተራ ክፍል ነው፣ ያ ነው የሚያስፈራው።

ወደ አያቴ ልመለስ። አጎቴ ቃሊቲ ሲዛወር ቤታችን ውስጥ መጀመሪያ የተለወጠው ምግቡ ነው። ይሄን ያስተዋልኩት አሁን በዚህ ዕድሜዬ ነው። ከቄራ ተነስተህ ጎተራ፣ ከጎተራ ሳሪስ፣ ከሳሪስ «አቦ ቃሊቲ አቦ ቃሊቲ!» የሚል ወያላ ጋር ተሻምተህ፣ ከወረድክ በኋላ ደግሞ የእግር መንገድ። ሽሮው ይቀዘቅዛል። ወጡ ታክሲ ውስጥ ይፈሳል፣ አንድ ቀን የሰው ቀሚስ ላይ ፈሶ የሰማነው ስድብ አይረሳኝም። አያቴ ሦስት አራት ሳምንት ታገለችና በኋላ ተወችው። በሶ ጀመረች። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ አንዳንዴ ደረቅ እንጀራ። አይቀዘቅዝ፣ አይፈስ፣ አይበላሽ። ቀስ በቀስ ደግሞ በየሳምንቱ መሄዱ ቀርቶ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ከዚያ ጉልበቷ ሲያማት በወር፣ በሶው ደግሞ በዚያው ልክ እየበዛ።

«ከርቸሌ እያለ ጎረቤት ነበር» ትል ነበር ጎረቤት ሲጠይቃት። «አሁንማ ክፍለ ሀገር ሄዷል።»

አጎቴ ደግሞ በተቃራኒው! ቃሊቲን ከከርቸሌ ይመርጠው ነበር። «ሰፋ ይላል፣ ነፋስ ያገኘናል» ይላት ነበር፣ እሷ ግን አትሰማውም። እሱ የሚያወራው ስለሚተኛበት ነው፣ እሷ የምታወራው ስለ መንገዱ። ሁለቱም ልክ ናቸው እኮ። እስር ቤት አሮጌ ነው አዲስ ነው የሚለውን ክርክር በሰማሁ ቁጥር እነሱ ሁለቱ ናቸው ትዝ የሚሉኝ፣ ምክንያቱም ዕቅዱ ላይ ሁሌም የሚቆጠረው ከግንቡ ውስጥ ያለው ነው፣ ስንት አልጋ፣ ስንት ክፍል፣ ስንት ካሜራ። ሳህን ይዞ ውጭ የቆመውን ሰው ማንም አይቆጥረውም።

ሎርተንም እንደዚያው ሆኖ አገኘሁት። ታሪኩ ሲጀመር ደስ ይላል፣ በ1908 (የአሜሪካውን ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የዲሲ እስር ቤት የሰው ቦታ አይደለም ተብሎ ኮሚሽን ያቋቁማል፣ ከዚያ ገጠር ውስጥ መሬት ይገዛና በ1910 ሥራው ይጀመራል። አሳቡ ግንብ የሌለው፣ ክፍል ለክፍል ያልተቆለፈ፣ እርሻ ያለው፣ ላም የሚታለብበት እስር ቤት ነው፣ ንጹህ አየርና ሥራ ሰውን ያርማል ብለው። ጡቡን እንኳን የጠፈጠፉትና የተኮሱት እስረኞቹ ናቸው። ጓደኛዬ ሳሎን ውስጥ «ኤክስፖዝድ ብሪክ» ብላ ያሳየችን ግድግዳ የእስረኛ እጅ ሥራ ነው ማለት ነው። ለዚያ ዘመን በጣም ዘመናዊ ነበር። ግን በ1917 የመምረጥ መብት ይሰጠን ብለው ኋይት ሀውስ በር ላይ የቆሙ ሴቶች ታስረው የተደበደቡት እዚሁ ነው፣ ግንብ ባይኖረውም። ከዚያም ግንቡም መጣ፣ ማማውም መጣ፣ በመጨረሻዎቹ አሠርት ዓመታት ተጨናንቆ ተበላሽቶ ሎርተን የሚለው ስም ዲሲ ውስጥ እንደ ከርቸሌ የሚያስፈራ ሆነ። (ጎ ጎ የሚባለውን የዲሲ ሙዚቃ የጀመረው ቻክ ብራውን ጊታር ያገኘው ሎርተን ታስሮ በሲጋራ ለውጦ ነው። ይቺን ለዲሲዎቹ የዩ ስትሪት ልጆች።)

በ1997 ኮንግረስ ይዘጋ ብሎ ሕግ አወጣ፣ በ2001 የመጨረሻዎቹ እስረኞች ወጡ። እሰይ ነው? ጥያቄው የት ሄዱ ነው። ዲሲ የራሷ የረጅም ጊዜ እስር ቤት የላትም ማለት ሆነ፣ የተፈረደበት ሰው ወደ ፌዴራል መንግሥት እስር ቤት ይሄዳል፣ ፌዴራል ደግሞ በተቻለ መጠን ከ500 ማይል አይርቅም ይላል። 500 ማይል ማለት ከአዲስ አበባ መቀሌ ነው! ይሄ ነው እንግዲህ «ቅርብ» የሚባለው። ሎርተን ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ገና ወደ 1,700 የሚሆኑትን ያንግስታውን ኦሃዮ ልከዋቸው ነበር፣ በግል ኩባንያ የሚተዳደር አዲስ የተሠራ፣ የሚያብረቀርቅ እስር ቤት። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሰው ተገደለ፣ በሐምሌ 1998 ስድስት እስረኛ በጠራራ ፀሐይ አጥሩን ቆርጦ አመለጠ። ሕንፃው አዲስ ነው፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም ማለት ይቻላል።

እዚያው ዲሲ ውስጥም የ1976ቱ ትልቁ ጄይል አጠገብ ሲቲኤፍ የሚሉት ሌላ እስር ቤት አለ። ከተማው በ1997 ብር ሲቸግረው ለግል ኩባንያ ሸጠውና ሃያ ዓመት መልሶ ተከራየው፣ ውሉ ሲያልቅ በ2017 የራሱ አደረገው። የገዛ ቤትህን ሸጠህ ተከራይ መሆን ማለት ነው፣ አያቴ ብትሰማ «ምን የነካው ነው» ትል ነበር። አሁን ያ ትልቁ ጄይል አርጅቷል፣ በ2021 የፌዴራል ማርሻሎች ድንገት ገብተው ያዩት ነገር ስላላማራቸው ወደ 400 የሚሆኑ የፌዴራል እስረኞችን እናወጣለን እስከማለት ደርሰዋል። አዲስ እስር ቤት እዚያው ሲቲኤፉ ጋ ይሠራ የሚል ዕቅድ አለ፣ ከተማው ራሱ የሚያስተዳድረው።

ደግፈኸዋል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ። በዋናነት ግን ሰው በማይጠብቀው ምክንያት ነው፣ ስታዲየም አርመሪ የሚባለው ሜትሮ ጣቢያ ቅርቡ ነው። እናት ባቡር ተሳፍራ ወርዳ በእግሯ ትደርሳለች። በቃ። የመንግሥት መሆኑን እወደዋለሁ፣ ግን የመንግሥት ስለሆነ ብቻ ጥሩ ይሆናል የሚል ኢትዮጵያዊ ካለ አሳዩኝ። እኛ ሀገር የግል እስር ቤት ኖሮን አያውቅም፣ ማዕከላዊም የመንግሥት ነበር። ቂሊንጦም የመንግሥት ነው፣ ከከርቸሌ ጋር ሲነፃፀር የትናንት ቤት ነው፣ ነሐሴ 28 ቀን 2008 (በእኛ) ተቃጥሎ መንግሥት ራሱ ባመነው 23 ሰው ሞተ። ዞን 9 የሚባሉት ብሎገር ልጆች ስማቸውን ያወጡት ቃሊቲ ስምንት ዞን ስለነበረው፣ ዘጠነኛው እኛ ውጭ ያለነው ነን ብለው ነው፣ በኋላ እነሱም ወደ ውስጠኞቹ ዞኖች ገቡ። የመንግሥት ሲሆን ያለው ጥቅም አንድ ነው፣ የማን በር ላይ ሄደህ እንደምትጮህ ታውቃለህ። ኩባንያ ከሆነ ቴነሲ ምናምን ያለ ቢሮ ነው የምትደውለው። ጩኸትህ ይሰማል አይሰማም ሌላ ጉዳይ ነው፣ በሩ ግን ይታወቃል።

ዘመናዊ የሚለውም ቃል መጠንቀቅ ያስፈልገዋል። የዲሲው ጄይል በ2012 ዘመናዊ ሆነ ተብሎ በአካል መጠየቅ ቀርቶ በቪዲዮ ሆነ። ጠያቂው እቤቱ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ጥሩ፣ ግን እስር ቤቱ ጎን ወዳለው ሕንፃ ሄደህ ነው ስክሪን ፊት የምትቀመጠው! እዚያ ድረስ መጥተህ፣ ልጅህ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ፣ ምስሉን ታያለህ። በአካል መገናኘቱን ከሦስት ምናምን ዓመት በኋላ በከፊልም ቢሆን መለሱት። አያቴ ከርቸሌ አጥር ላይ ተንጠላጥላ ከመቶ ሰው ጋር እየተጯጯኸች ነበር የምታወራው፣ ግማሹ ቃል አይሰማም፣ ግን ልጇን ነው የምታየው፣ መክሳቱን አለመክሳቱን፣ ጫማ ማድረጉን አለማድረጉን። አንዴ «ጋቢውን ለሰው ሰጥቶታል» ብላ ሌላ ጋቢ ላከች። ስክሪን ላይ አንገትና ፊት ነው የሚታየው፣ ጋቢ አይታይም።

አዲስ አበባም ለቃሊቲ ምትክ የሚሆን አባ ሳሙኤል ላይ ተሠርቷል፣ ያው የመጀመሪያው የመብራት ግድብ ያለበት አባ ሳሙኤል። ፎቶውን አይቻለሁ፣ ንጹህ ነው፣ ከቃሊቲ እንደሚሻል አልጠራጠርም። ግን ፎቶውን ሳየው መጀመሪያ ያደረግኩት ካርታ ከፍቶ ከቄራ ስንት ኪሎ ሜትር ነው ብሎ መለካት ነው። ልማድ ሆኖብኛል።

አያቴ አሁን የለችም። አጎቴ ግን ተፈትቶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ጀሞ ይኖራል፣ በዋትሳፕ እንደዋወላለን። ከሎርተን በመጣሁ ሰሞን ደውዬለት እስር ቤት ውስጥ ቡና ጠጥቼ መጣሁ አልኩት። ሳቀ። ጂም እንዳለው፣ ኪራዩ ስንት እንደሆነ ስነግረው የበለጠ ሳቀ። «ከፍለው ነው የሚገቡት? ወይ አሜሪካ!» አለ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ ጠየቀኝ።

«ከከተማው ይርቃል?»

«ዲሲ ነው ከተማው፣ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይሆናል» አልኩት። «በመኪና ግማሽ ሰዓት፣ ትራፊክ ካለ አንድ ሰዓት።»

«ምንም አይል፣ ወጥ ይደርሳል» አለ።

«በኋላ ግን አንስተው ኦሃዮ ወስደዋቸዋል፣ አምስት ሰዓት በመኪና።»

«ውይ» አለ አጎቴ፣ «እሱማ የበሶ መንገድ ነው።»